ስድስት ጥርስ፣ አራት ክር

ጋሼ ፌስታሉን የሥራ ጠረጴዛዋ ላይ ሲያስቀምጡ ጠቅላይ ቁርስ ያመጡላት መስሏት ነበር።

«ጠቅላይ» ብለው የሰየሟት የሰፈሩ ሰዎች ናቸው። ሲሰሙት ሹመት ይመስላል፤ እሷ ግን የምትጠቀልለው የተቃጠለ ሞተር ነው። የውኃ ፓምፕ በሉት፣ የልብስ ማጠቢያ በሉት፣ የጭማቂ መፍጫ በሉት፣ ጭስ ጭስ እየሸተተ እሷ ዘንድ ይመጣል፤ የከሰለውን ሽቦ ትፈታለች፣ በአዲስ ትጠቀልላለች፣ ነፍስ ዘርታበት ትመልሰዋለች። በዚህ ሥራ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኗታል። ጋሼ ደግሞ የእናቷ ወንድም ናቸው። እሷ አሥራ አንድ፣ ታናሽ ወንድሟ አራት ዓመት ሳሉ ወላጆቻቸውን ሲያጡ፣ ሁለቱን ግራና ቀኝ ይዘው ቤታቸው ያስገቡ፤ ሚስት ሳያገቡ፣ ልጅ ሳይወልዱ፣ ሁለት ልጅ ለወግ ያበቁ ሰው። ዘንድሮ ሰባ ዘጠኝ ሆኗቸዋል።

ፌስታሉን ከፈት አድርጋ አየች። ውስጡ ሁለት ጥቁር ነገሮች ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው ከመሐል ጣት ትንሽ ረዘም ያሉ፣ ጀርባቸው ላይ ስድስት ስድስት የብረት ጥርስ የበቀለባቸው። ከአንደኛው ጎን ከጸጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ተበጥሶ ተንጠልጥሏል።

አንዱን አንስታ በመዳፏ ያዘችው።

«ጋሼ! ምን አድርገው ነው?»

«ነቀልኳቸው።»

«በምን?»

«በቢላ። የቢላዋ ጫፍ ትንሽ ታጠፈች፤ እሷን እንኳ ይቅርታ።»

እነዚህን ሁለት ነገሮች ጠቅላይ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃቸዋለች። የጋሼ ስቲል ጊታር ጆሮዎች ናቸው። ስቲሉ እንደ ሌላው ጊታር የሚታቀፍ አይደለም፤ ሁለት አንገቱን ጎን ለጎን ዘርግቶ እንደ ጠረጴዛ በአራት እግሩ ይቆማል፣ ተጫዋቹ ከኋላው ይቀመጥና በግራ እጁ የብረት ዘንግ ክሮቹ ላይ እያንሸራተተ ያስለቅሰዋል። ከክሮቹ ሥር የተቀበሩት እነዚህ ማግኔቶች ናቸው የክሩን መንቀጥቀጥ ሰምተው ወደ ስፒከሩ የሚልኩት። ሙዚቀኞች ፒክአፕ ይሏቸዋል። እነሱ ከወጡ ያ ሁሉ ግርማ ሞገስ የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛ ነው።

«ለነጎድጓድ ግጠሚለት» አሉ ጋሼ። «ቤዙ ላይ።»

ነጎድጓድ ታናሽ ወንድሟ ነው። ስሙ የወጣለት ገና ሕፃን ሳለ ሲያለቅስ ጎረቤት ስለሚያስነሳ ነው፤ ሲያድግም ስሙን አላሳፈረውም። በሥራ ቀን የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይነዳል፣ ቅዳሜና እሁድ ሠርግ ቤት ቤዝ ጊታር ይጫወታል።

«ምን ሆነው ነው ጋሼ? የሚጫወቱበትን ነገር?» አለች ጠቅላይ ድምጿን ወደ ሆዷ አውርዳ። ለጋሼ እንዲህ መናገር ከጀመረች ሁለት ዓመት አልፏታል። ሐኪሙ እንዳለው ቀጭን ቀጭኑ ድምፅ ከጆሯቸው ጠፍቷል፤ የወፍ ጫጫታ የለም፣ የስልክ ጥሪ የለም፣ የሴት ድምፅ ግማሹ የለም። የወንድ ጉርምርምታ፣ የከባድ መኪና ሞተር፣ የበር መገጨት ግን እንደ ድሮው ነው። የገዙላቸውን የጆሮ መሣሪያ «ዘይት ሲንጫጫ ነው የሚያሰማኝ» ብለው መሳቢያ ውስጥ አስተኝተውታል።

ጋሼ የፕላስቲክ ወንበሯን ስበው ተቀመጡ።

«ስሚ የኔ ልጅ። እኔ አልጫወትም። እጄ ነው የሚጫወተው። እጄ ቦታውን ያውቃል፣ ይሄዳል፣ ይመለሳል። እኔ የምሰማው ጧ! ጧ! የምትለዋን የጥፍሬን ድምፅ ብቻ ነው።»

«እኛ እኮ እንሰማለን። ያምራል።»

«ያምራል። ስለምትቃኚው።»

ጠቅላይ በእጇ የያዘችውን ማግኔት አገላበጠችው።

«ቀን ቀን ሸለብ ሲያደርገኝ እየመጣሽ ክሮቹን የምትቃኚው አላውቅም ብለሽ ነው? ጆሮዬ እንጂ ዓይኔ ደህና ነው። የመቃኛ ቁልፎቹን የተውኳቸው ቦታ አላገኛቸውም። አንደኛው ወደ በሩ ዞሮ ትቼው ተኝቼ ስነሳ ወደ መስኮቱ ያያል።» ሳቅ አሉ። «ሁለት ዓመት ሙሉ! አንዴ እንኳ ሳትናገሪ። አንጀቴን በላሽው።»

እውነት ነው፤ የተዛባ ቅኝት ይዘው በሙሉ ልባቸው ሲጫወቱ ከጓዳ መስማት አላስቻላትም ነበር። ልንገራቸው ስትል ደግሞ አፏ አይታዘዛትም።

«የሱን ቤዝ ግን እሰማዋለሁ» አሉ ጋሼ። «ባለፈው ሳሎን ሲለማመድ ጀርባዬን ቁም ሣጥኑ ላይ ደገፍ አድርጌ ነበር። እያንዳንዷን እሰማታለሁ! ከጀርባዬ ገብታ በደረቴ ትወጣለች። ችግሩ፣ መሣሪያው ድምፅ የለውም። ካርቶን ነው። ካርቶን ሲደበደብ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? እሱ ነው። ልጁ እጅ አለው፤ ማግኔቱ ነው ያልረባው። የኔዎቹ ደግሞ ሥራ ፈትተው ተቀምጠዋል።»

ጠቅላይ ወዲያው እሺ አላለችም። ጠግኜ ቦታቸው እመልሳቸዋለሁ አለች። ጋሼ እየሰሙ እንዳልሰሙ ሆኑ፤ በዚህ ረገድ ሕመማቸው ጠቅሟቸዋል።

ነጎድጓድማ ጭራሽ አልቀበልም አለ። ማታውኑ ነገሩን ሲሰማ ያን የሚያህል ሰውዬ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«የጋሼን ስቲል አፍርሼ ነው ሠርግ ቤት የማስጨፍረው? እኔ ማን ሆኜ? አይደረግም!»

«ፈርሷል እኮ» አሉ ጋሼ።

«ይገጠም!»

ጋሼ አልተከራከሩም። አኮረፉ። የጋሼ ኩርፊያ ደግሞ የታወቀ ነው፤ ጩኸት የለበትም፣ ስድብ የለበትም፣ ሥርዓት አለው። በማግስቱ ምሳ ላይ ነጎድጓድ አጠገባቸው ተቀምጦ ሳለ ፊታቸውን ወደ ጠቅላይ አዙረው፣

«ለሾፌሩ ንገሪልኝ፣ ጨው ያቀብለኝ» አሉ።

«ጋሼ፣ እዚሁ ነኝ እኮ» አለ ነጎድጓድ ጨውን እያቀበለ።

«ለሾፌሩ አመሰግናለሁ በይልኝ።»

በሁለተኛው ቀን ለ«ሾፌሩ» የሸሚዙ ቁልፍ እንደተበጠሰ በእሷ በኩል ተነገረው። በሦስተኛው ቀን ነጎድጓድ ከሥራ መልስ ጫማውን ሲያወልቅ ጋሼ «ለሾፌሩ ካልሲው እንደሸተተ...» ብለው ሲጀምሩ፣ ልጁ ሁለት እጁን ወደ ላይ ሰቀለ።

«እሺ! እሺ ጋሼ! ይገጠም! ስሜን ጥሩኝ ብቻ!»

«ነጎዴ» አሉ ጋሼ ወዲያው። «ና፣ ሳመኝ።»

ሥራው እንዲህ ተጀመረ። ጠቅላይ ቤዙን ጠረጴዛዋ ላይ ፎጣ ዘርግታ አስተኛችው፣ ክሮቹን አላላች፣ በካቻቢቴ ሽፋኑን ፈታች። ካርቶን የተባሉትን ማግኔቶች አውጥታ ከጋሼዎቹ ጎን አስቀመጠቻቸው። የጋሼዎቹ በርዝመትም በስፋትም ይበልጣሉ፤ እንጨቱ ውስጥ ያለው ጉድጓድ አይበቃቸውም። ስለዚህ ሁለት ሱቅ አልፎ በርና መስኮት ለሚሠራው አናጢ ደወለች።

«ሁለት ፒክአፕ የሚያስገባ ቦታ ልታሰፋልኝ ትችላለህ?»

«ሁለት ፒካፕ?» አለ አናጢው። «ጋራዥ ነው እንዴ የምትሠሪው? መኪናውን መቼ ገዛሽ ደግሞ?»

ነገሩ ሲገባው ለአንድ ደቂቃ ያህል ስልኩ ላይ ሳቀ፣ ከዚያ መሮውን ይዞ መጣ። በር ሲሠራ እንደ በሬ የሚታገለው ሰውዬ ቤዙ ላይ ሲደርስ እንደ ጥርስ ሐኪም ሆነ፤ መሮውን በመዳፉ ብቻ እየገፋ፣ የተላጠውን እያራገፈ፣ በየመሐሉ ማግኔቱን እያስገባ እየለካ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ አንድም ቃል አልተነፈሰም።

የጠቅላይ ፈተና ግን የተበጠሰው ሽቦ ነበር። በቴስተር ለካችው፤ አንደኛው ማግኔት ደህና ነው፣ ሁለተኛው ሞቷል። ጋሼ በቢላ ሲነቅሉ የበጠሱት ማግኔቱ ላይ የተጠመጠመውን ሽቦ የውስጠኛ ጫፍ ነው፤ እዚያ ለመድረስ ሁሉንም መፍታት፣ ከዚያም እንደ አዲስ መጠቅለል የግድ ነው። በሕይወቷ የጠቀለለችው ሽቦ ስፓጌቲ ቢያህል፣ ይሄኛው የሸረሪት ድር ነው። እጅ ላይ አይታወቅም። ትንፋሽ ይወስደዋል።

ደግሞም የመጠቅለያዋ ቆጣሪ የተሠራው ለፓምፕ ሞተር ነው፤ ከ999 በላይ አያውቅም፣ ተመልሶ ዜሮ ይላል። አሮጌውን ስትፈታ ጋሼ ጠመኔ ይዘው ግድግዳው አጠገብ ቆሙ። ቆጣሪው ዜሮ ባለ ቁጥር አንድ መስመር ያሰምራሉ። ሰባት መስመር ተሰመረ፤ በላዩ ስምንት መቶ አርባ።

«ሰባት ሺህ ስምንት መቶ አርባ ዙር!» አሉ ጋሼ ለራሳቸው በመደነቅ። «ይህን ሁሉ ዘመን ይህን ሁሉ ተሸክሞ ነው እንዴ?»

አዲሱን ሽቦ በትዕዛዝ አስመጥታ መጠቅለል ጀመረች። የመጠቅለያውን ሞተር ፍጥነት አላመነችውም፤ እጀታውን በእጇ አዞረች፣ ሽቦውን በሌላ እጇ በሁለት ጣት መሐል በጨርቅ ያዘች። ጠበቅ ካደረገች ይበጠሳል፣ ላላ ካደረገች ይዝረከረካል። ጋሼ ፊት ለፊቷ ተቀምጠው ቆጣሪውን ያነባሉ። በሩን ዘግተው፣ ማራገቢያውን አጥፍተው፣ ላብ በላብ ሆነው። ደንበኛ ሲያንኳኳ ጋሼ «ቀዶ ጥገና ላይ ናት!» እያሉ ይመልሳሉ።

አምስት ሺህ ሁለት መቶ ላይ ሽቦው ጥስ አለ።

ድምፅ እንኳ አልነበረውም። ጣቷ ላይ ክብደቱ ጠፋ፣ በቃ። ጠቅላይ እጀታውን ለቀቀችና ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፋች። የተቃጠለ ሞተር አይታ የማትደነግጠው ሴትዮ ልታለቅስ ምንም አልቀራት።

ጋሼ ትከሻዋን መታ መታ አደረጉ። «ምን ሆንሽ? አምስት ሺውን ተምረሽዋል እኮ። የማታውቂው የቀረውን ሁለት ሺህ ብቻ ነው።»

«ሁለት ሺህ ስድስት መቶ አርባ» አለች ፊቷን ሳታነሳ።

«እሱንስ ማን አየው! ተነሽ፣ ሻይ ጠጪ።»

ሻይ ጠጣች። ከዚያ ለአዲሱ ሽቦ በጠመኔ የተሰመሩትን አምስት መስመሮች ራሷ በእጇ ጠረገችና ከዜሮ ጀመረች። ሁለተኛው ሙከራ ቀን ሙሉ ወሰደ። በመጨረሻው መቶ ላይ ጋሼ እንኳ ማንበብ አቁመው አፋቸውን በመዳፋቸው ይዘው ነበር። ጫፉን በካውያ ስትበይደው፣ ቴስተሩ ላይ ቁጥር ሲመጣ፣ ሁለቱም ወንበራቸው ላይ እንደ ባዶ ጆንያ ተጣጠፉ። ከዚያ እንዳያፏጭ ሻማ አቅልጣ ሰሙ ውስጥ ነከረችው፣ ሽቦውም እንዲረጋ አደረገች።

ቅዳሜ ከሰዓት በፊት ነጎድጓድ አምፕሊፋየሩን በአውቶቡሱ ጭኖ መጣ። ቤዙ በአዲሱ ልብስ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል፤ ሁለቱ ጥቁር ማግኔቶች ጉድጓዳቸው ውስጥ ልክክ ብለዋል፣ አራቱ ክሮች ተወጥረዋል። ገመዱን ሰካ። ወፍራሙን ክር ነካ።

የሱቁ መስኮት ተንቀጠቀጠ። መደርደሪያው ላይ ያሉ ብሎኖች በየቆርቆሯቸው ተንሾካሾኩ። ነጎድጓድ እጁን ከክሩ አንስቶ እህቱን አያት፣ እህቱ እሱን አየችው።

«እታለም» አለ በሹክሹክታ። «ይሄ ነገር ይናገራል።»

ሁለተኛውን ነካ፤ እሱም ተናገረ። ሦስተኛውን፣ አራተኛውን። ወረድ ወጣ እያለ አንድ ሁለት ነገር ተጫወተ። ጠቅላይ ደስ አላት፣ ልታጨበጭብ ስትል ግን ጋሼ እጃቸውን አነሱ። ስፒከሩ አጠገብ ተቀምጠው መዳፋቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳርፈዋል።

«ሦስተኛዋን ድገማት።»

ደገማት።

«ሁለተኛዋን። እንደገና ሦስተኛዋን።» ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሦስተኛዋ ታማለች። ውኃ ውስጥ ሆና ነው የምትጣራው።»

«የኔ ጣት ይሆናል ጋሼ፣ ቀስ ብዬ መትቻት...»

«የአንተን ጣት አውቀዋለሁ። ጣትህ ደህና ነው።»

ጠቅላይ መነጽሯን አድርጋ አጎነበሰች። ጋሼ ልክ ናቸው። ማግኔቱ የተሠራው ለስድስት ክር ነው፣ ስድስት ጥርስ አለው። ቤዙ ያለው አራት ክር ብቻ። አንደኛው ክር ጥርስ ላይ ተቀምጧል፣ ሁለተኛውና አራተኛው ጠጋ ብለዋል፤ ሦስተኛው ግን በሁለት ጥርስ መሐል ክፍት ቦታ ላይ ነው የሚያልፈው። ማንም አይሰማውም። ሁለት ጤነኛ ጆሮ ያላቸው ሁለት ሰዎች ያላወቁትን፣ ስልክ ሲጠራ የማይሰሙት ሽማግሌ በመዳፋቸው ያዙት።

ነጎድጓድ ማግኔቱን ጥቂት አጣመን እናስገባው አለ። እንዲያ ከሆነ አናጢው እንደገና መሮውን ያነሳል፣ እንጨቱም ይሳሳል። ጠቅላይ አገጯን ይዛ ቆመች። ከዚያ ወደ ጓሮ ወጥታ የተጣለ ትራንስፎርመር ይዛ ተመለሰች። ከሆዱ እንደ መጽሐፍ ገጽ ከተደረደሩት ስስ የብረት ቅጠሎች ሁለቱን መዘዘች፤ በቆርቆሮ መቀስ ቆረጠች፣ ጠርዛቸውን ሞረደች፣ በየማግኔቱ ስድስት ጥርሶች አናት ላይ እንደ ድልድይ አጋደመቻቸው። ጥርሶቹ አንድ ወጥ ድድ ሆኑ። ማግኔትነቱ ከዳር እስከ ዳር ይዳረሳል፤ ክሩ በየትም ቢያልፍ በየትም ይሰማል።

«አሁን ሞክር።»

ነጎድጓድ ሦስተኛዋን ነካት።

ጋሼ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «እንደገና» አሉ። «እንደገና። አንዴ ረዘም አድርጋት... እንደገና።» ከሃያ ጊዜ በላይ ሳያስደግሙት አልቀሩም። ልጁም አልተሰላቸም፤ እየነካ ፊታቸውን ያያል።

ከዚያ ጋሼ «እስቲ አምጣው» ብለው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

ቤዙን አልታቀፉትም። ጉልበታቸው ላይ በጀርባው አስተኙት። ከኮታቸው ኪስ የስቲሉን የብረት ዘንግ አወጡና ክሮቹ ላይ ሲያሳርፉት ከአንገቱ ብረቶች ጋር ተንቃጨለ፤ የቤዝ ክር ወደ እንጨቱ የቀረበ ነው። ጠቅላይ ነገሩ ገባት። ከጆሮዋ ላይ እርሳሷን አንስታ በአንገቱ ጫፍ ከክሮቹ ሥር ሰካችው፤ ክሮቹ ከፍ አሉ። «ይሞክሩት።»

በቀኝ አውራ ጣታቸው ነኩ፣ ዘንጉን ቀስ አድርገው ገፉ።

ድምፁ ከመሬት ሥር የሚነሳ ይመስል ነበር፤ ረጅም፣ ወፍራም፣ እያዘገመ ወደ ላይ የሚወጣ። ነጎድጓድ ዕድሜ ልኩን ቤዝ ሲይዝ እንዲህ ዓይነት ነገር ይወጣዋል ብሎ አስቦ አያውቅም። ዘንጉ ሄደ፣ ሄደ፣ ከሚቆምበት ትንሽ አለፈ። ጆሮ ላይ ሻከረ። ጋሼ ድንገት እጃቸውን ገቱ። ዘንጉን በጥፍር ስፋት ወደ ኋላ መለሱት። ልክ ሆነ።

«አየሽ?» አሉ ወደ ጠቅላይ ዞረው። «ተሳሳትኩ! ሰማሽ? ተሳሳትኩና ሰማሁት!»

«ሰማሁ ጋሼ።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ተሳስቼ አላውቅም ነበር እኮ!»

ሳቁ። ጠቅላይም ሳቀች፣ ስትስቅ ግን እንባዋ ጉንጯ ላይ ወረደ፣ በክንዷ ጠረገችው፤ ፊቷ በግራሶ ተለቀለቀ። ጋሼ ከዚያ በኋላ ማንንም አላዩም። ሆን ብለው ያሳልፉታል፣ ይመልሱታል፣ ደግሞ ያሳልፉታል። ሰማንያ የተጠጋ ሰውዬ በስህተት እንዲህ ሲደሰት ያየ የለም።

ነጎድጓድ መጀመሪያ ቆሞ አየ። ከዚያ የመሣሪያ ሣጥን ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ሰዓቱን አየ።

«ጋሼ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሠርግ አለኝ እኮ።»

«እሺ» አሉ ጋሼ፣ ዘንጉን እያንሸራተቱ።

«አሁን ስምንት ሰዓት ሆኗል።»

«ሂዳ! ማን ያዘህ?»

«ቤዙ ነዋ የያዘኝ!»

ጋሼ ጉልበታቸው ላይ የተጋደመውን ዕቃ ዝቅ ብለው አዩ፤ የማን እንደሆነ አሁን ትዝ ያላቸው ይመስላል። ሊሰጡት ብድግ አደረጉት፤ ወዲያው መልሰው አስተኙት።

«እዚያው እስክንደርስ ልያዘው። መንገድ ላይ ምን ይሠራልሃል?»

ነጎድጓድ አምፕሊፋየሩን መልሶ ጫነ፣ ጠቅላይ በሩን ቆለፈች። ስልኳ ላይ የፓምፕ ሞተሩን የሚጠብቅ ደንበኛ ነበር፤ «ሰኞ፣ እውነቴን ነው ሰኞ» ብላ ዘጋችው። ከዚያ ሦስቱም አውቶቡሱ ውስጥ ገቡ። ጋሼ ከሾፌሩ ኋላ ባለው ወንበር ላይ ቤዙን በሁለት ልጆች ቦታ አጋድመው ተቀመጡ። ጠቅላይ ወንበሩ ለስድስት ዓመት ልጅ የተለካ ነውና ጉልበቷ አገጯን ሊነካ ደረሰ። ነጎድጓድ ሞተሩን አስነሳ።

«ነጎዴ» አሉ ጋሼ።

«አቤት ጋሼ።»

«ይሄ ሞተርህ ግን ቅኝቱ ዝቅ ብሏል። ለእህትህ አሳያት።»